ዲሹና የዓርቡ ስልክ

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ጥቅምት 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

አያ ጃቢር፣

ስድስት መቶ ቻናል እያለ የሚታይ ነገር የሚጠፋው ለምንድን ነው? ሰላምታ ሳላስቀድም በጥያቄ ስለጀመርኩ አትቆጣኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ አፌ ላይ የቆየ ጥያቄ ስለሆነ ቀድሞኝ ወጣ። አሁን በወጉ ልበል፦ አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናህን ያብዛው፣ ስደቱን ያቅልልህ፣ ወጥተህ በሰላም መግባትን አይንሳህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባቴ እንደወትሮው ሳንጃ ሰሊጡ ላይ ነው። እማ ዙህራ ብርድ ሲነካት ጉልበቷን ይጠዘጥዛታል እንጂ ሸጋ ናት።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ዓርብ ዓርብ ስትደውል እማ ድምፅ ማጉያውን ትጫነዋለች፤ የምንለውን እሷ ብቻ ሳትሆን ጎረቤቱ በሙሉ ይሰማል። ነጋዴዋ ዐዚዛ ለሱቋ ጨርቅ ልትገዛ ጅዳ ስትመጣ በእጇ የሰደድኩልህ ለዚህ ነው። መልሱንም በእሷው እጅ አድርገው።

ተመርቄአለሁ! በሐምሌ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ። ፎቶዬን ከወረቀቱ ጋር አጥፌዋለሁ፤ ጋዋኑ ለሁለት ሰው የተሰፋ ስለሚመስል አትሳቅብኝ። ከዚያ ወዲህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ አንገቴ ረዘመ። ሰው ሁሉ ‹ታገሺ› ይለኛል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ብዙ ነገር ተምሬአለሁ፣ መታገስ የሚባል ኮርስ ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት የቆዩ ሰነዶችን ቤታቸው ተቀምጠው በኮምፒውተር የሚጽፉ ሰዎች ይፈልጋል። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ! አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እስከ ጥር ሠላሳ ድረስ ቤቴ ውስጥ የማይቋረጥ ኢንተርኔት መግባት አለበት። በቤቱ ስልክ ሞከርኩት። በስልኩ መስመር ኢንተርኔት ሲገባ ስልኩ ይያዛል፤ ከውጭ የሚደውል ሰው አያገኘንም። ሩብ ሰዓት ሳልቆይ እማ መነጋገሪያውን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

‹ይኼ ምን አውሬ ነው ያስገባሽበት?›

‹ኢንተርኔት ነው እማ፤ ሲገናኝ እንዲህ ይጮኻል።›

‹ንቀይው። ሰው ቢደውልስ?›

ነቀልኩት።

ቴሌ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ፈጣኑ መስመር ስልክ አይዝም። ግን የሰፈራችን አሮጌ ሽቦ አይሸከመውም፣ አዲስ መስመር ይሳባል፣ ቁጥሩም ይቀየራል አሉኝ። አሮጌውንም ብናስቀር? ስለው ሠራተኛው ‹ሕዝብ በወረፋ እያለቀ ለአንድ ቤት ሁለት?› ብሎ ሳቀብኝ። መስመሩ በእማ ስም ስለሆነ መፈረም ያለባትም እሷ ናት። ስነግራት ኪሮሿን ሳታቆም ‹ቁጥሩ አይቀየርም› አለች። በቃ። ካንተ ጋር የወጣው ልጇ ናስር በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ያ ብቻ ነው፤ ምን ብዬ ልከራከራት?

ሁለተኛው ጉዳዬ ዲሹ ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አንተ ‹ናስርን መካ፣ ሐረም መስጊድ ውስጥ ካዕባን ሲዞር አየሁት፣ ሰው መሃል ጠፋብኝ› ብለህ ከደወልክ በኋላ የላክህልን ዲሽ። ከስድስት መቶው ቻናል የታየው አንድ ነው፤ ሐረሙን በቀጥታ የሚያሳየው። ሪሞቱ ጭኗ ሥር ነው። ሰዎቹ ይዞራሉ፣ እሷ የምትሸጠውን ኮፍያ ትሠራለች፣ ቀና ብላ ታያለች፣ ዝቅ ትላለች። የምትነሳው ለሶላት ብቻ ነው። ደግሞ እዚያ ሶላቱ ሲያበቃ ለሙታን ስገዱ የሚለው ጥሪ ሲሰማ እንደገና ቆማ የጀናዛ ሶላት ትጨምራለች። ከቴሌቪዥን ኋላ ተከትሎ አይሰገድም እኮ ስላት ‹ማን ተከተለ? አስታወሱኝ፣ ለራሴ ሰገድኩ› አለችኝ። አሁን ሐጁ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ያኔማ ውሃ ለመጠጣትም አትነሳም።

ዲሽ ሠሪው ክንዱ፣ የትክል ድንጋይ ልጅ ነው፣ ታውቀው ይሆናል፣ ወደ ሌላኛው ሳተላይት ይዙርላችሁ ይላል። ትምህርት የሚሰጡም፣ ያገራችንን የሚያሳዩም እዚያ አሉ። የእማን ቻናል ግን እዚያ አግኝቼው አላውቅም አለኝ። ጣሪያው ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን በጣቱ እያሳየ፦

‹መካ በዚህ በኩል አይደለም እንዴ?›

‹ነው።›

‹ዲሹ ፊቱ በዚያ በኩል ነው። መካን የሚያሳያችሁ ለመካ ጀርባውን ሰጥቶ ነዋ!›

አያ ጃቢር፣ እማ እኔን እናቴ ስትሞት ከወንድሟ ከአባቴ ቤት ወስዳ አሳደገችኝ። አንተን የባሌ ወንድም ልጅ ብላ ከትክል ድንጋይ አምጥታ ከናስር ጋር ባንድ ትሪ አበላችህ። እኔንና አንተን የሚያዛምደን ደም ሳይሆን እሷ ናት። ስለዚህ እውነቱን ልጻፍ፦ በናስር ተናድጃለሁ። ካዕባ ድረስ ደርሶ ለእናቱ የማይደውል ልጅ ምን ይባላል? እንዴት እንዳየኸው ዘርዝረህ ጻፍልኝ። ዓርብ ስትደውል ደግሞ ‹ዲሹም ይዙር፣ ቁጥሩም ይቀየር› በላት። አንተን ትሰማለች።

እህትህ ሰሚያ


ጅዳ
ኅዳር 24 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰሚያ፣

ከጤናሽ ጋር የአላህ ሰላም ይድረስሽ። እማ ዙህራን እጇን ሳሚልኝ፣ ጉልበቷን ሳሚልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ምርቃትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ፎቶሽን ዘበኛ በሆንኩበት ሕንፃ በር ላይ፣ እተቀመጥኩበት አጠገብ ሰቅዬዋለሁ፤ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ልጅህ ናት ወይ ይለኛል።

መልሱ ስለቆየ ይቅርታ። ዐዚዛ ሁለት ጊዜ መጥታ ‹ጻፍክ?› ብላኝ ሁለት ጊዜ በባዶ እጇ መልሻታለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ምነው እንዲህ ቸኮልሽ? ቁጥሩን ተይው። ዲሹንም አትንኩት። ሌላ ቻናል ካማረሽ ሁለተኛ ዲሽ ግዢ፣ የሚያስፈልገውን እልካለሁ። እኔ ያለሁበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ አርባ የሚሆን ዲሽ ተተክሏል፤ አቧራ የምጠርግላቸው እኔ ነኝ። አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ይኖራል። እናንተም ሁለት ቢኖራችሁ ምን ይላል?

እንዴት እንዳየኸው ላልሽኝ፣ ለእማ ያልኩትን ነው የምልሽ። ሰው በሰው ላይ ነበር። እንደማንም ኡምራ አድራጊ ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ያወቅሁት በኮፍያው ነው፤ እሷ የሠራችለትን፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ያለውን አድርጎ ነበር። ናስር ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም። ከዚያ ጠፋ። ሌላ የማውቀው የለም፤ ደግመሽ አትጠይቂኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እማ ዙህራ ስለ እኔ ምን ትላለች? ስሜ ሲነሳ ፊቷ እንዴት ነው? አይተሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ጃቢር


ጎንደር
ታኅሣሥ 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

አያ ጃቢር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ካንተ ጋር ይሁን፣ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ፣ ለአገርህ አፈር ያብቃህ። እማ ሰላም ብላሃለች።

ሁለተኛ ዲሽ አትላክ። ዲሹ አሥር ቢሆን ሪሞቱ አንድ ነው፣ እሱም የት እንዳለ ነግሬሃለሁ። ዓረፋ ዕለት እንግዳው ‹ዒድ ሙባረክ› ብሎ ሲገባ ‹ተቀመጡ፣ እዩ› አለቻቸው። ሙሉ ቤት እንግዳ ድምፅ ሳያሰማ ሐጃጁን ሲያይ ዋለ። አንድ ልጅ ‹ካርቱን የለም?› ብሎ ተቆነጠጠ።

ስለ አንተ ምን እንደምትል፣ አንተ የጠየቅህ እንዳይመስላት አድርጌ፣ ‹አያ ጃቢር ይናፍቅሽ ይሆን?› አልኳት። ‹ጃቢር ዓርብ ይደውላል› አለች። ፊቷን እዪ ስላልከኝ አየሁት፤ የሚታይ ነገር የለበትም። ክር ቆጠረች።

ማታውን ግን ከሳጥኗ አዲስ ኮፍያ አውጥታ ሰጠችኝ። ‹ይኼን ለጃቢር ስደጂለት› አለች። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው። ቀጥላም ‹ኡምራ ሲገባ ግን ያውልቀው በይው› አለች። ኡምራ ልትገባ ነው እንዴ? ምነው ለኔ ሳትነግረኝ? ኮፍያው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው።

ጥር ሠላሳ እየመጣ ነው። ድርጅቱ ‹መስመሩ ገባ ወይ?› ብሎ ሁለተኛ ጽፎልኛል፤ ‹በሂደት ላይ ነው› ብዬ መለስኩ። ሂደቱ አንተ ነህ። ዓርብ ስትደውል አንድ ቃል ብቻ በልልኝ። የምለምንህ የምትልከውን ሳይሆን የምትናገረውን ነው።

ሰሚያ


ጎንደር
ጥር 22 ቀን 2004 ዓ.ም.

አያ ጃቢር፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ አላህ በጤና ያቆይህ። ዐዚዛ ስትመለስ ‹ኮፍያውን ተቀበለ፣ ገለበጠው፣ የተላከበትን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፣ ከዚያ ደህና ሁኚ አለኝ› ብላለች። ደብዳቤ የለም። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓርብ አለፈ፣ አልደወልክም። ታምመህ ነው? ካልታመምክ ምንድን ነው?

እማ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። የዐስር ሶላት ሲሰገድ ትነሳለች። ‹ዛሬም ሥራ በዝቶበት ይሆናል› ትላለች። በአራተኛው ዓርብ እሱንም አላለችም።

እኔ ደግሞ ያደረግሁትን ልናገር፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። ባለፈው ሳምንት ትክል ድንጋይ ለቅሶ ሄዳ ሁለት ቀን አደረች። ክንዱን ጠራሁት።

‹እማማ ዙህራ ያውቃሉ?› አለኝ መሰላሉን ሳያስደግፍ።

‹ንፋስ ነው ያዞረው እላታለሁ።›

‹ንፋስ በመፍቻ አይፈታም እኮ። እሳቸው ሲመጡ እኔ የለሁበትም።›

አዞረው። ሰማይ ሰማይ ሲያይ የኖረው ዲሽ ወደ ምዕራብ ደፋ አለ። የድሮ ቦታውን ዘንጉ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት። ‹ልብሽ ሲመለስ ትጠሪኛለሽ› አለና ወረደ።

እማ መጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ተቀመጠች፣ ሪሞቱን ተጫነች። የማታውቃቸው ሰዎች የማታውቀውን ቋንቋ ያወራሉ። ወደ ላይ ተጫነች፣ ወደ ታች ተጫነች። ትጮኻለች ብዬ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። የንፋሱን ነገር አፌ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ። አልጠየቀችኝም። ቴሌቪዥኑን አጠፋችው፣ ኪሮሿን አነሳች፣ የጠፋውን መስታወት እያየች መሥራት ቀጠለች። አሁን ሰባተኛ ቀኑ ነው። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ታናግረኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቻናሉ የለም፣ ጥሪው የለም። እሷ ግን ሶላቷን ስትጨርስ አሁንም ተነስታ አራት ጊዜ አላሁ አክበር ብላ፣ ሳታጎነብስ ሳትደፋ፣ የጀናዛ ሶላት ትሰግዳለች። ለማን?

ቅጹን ሞልቼዋለሁ፤ ፊርማዋ ብቻ ይጎድለዋል። ስምንት ቀን ቀረኝ። ካሁን በኋላ ልጠይቃትም ፈራሁ። መልስልኝ፣ ክፉም ቢሆን።

ሰሚያ


ጅዳ
የካቲት 27 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለሰሚያ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በቤታችሁ ላይ ይሁን። አልታመምኩም።

ናስር የለም። ሦስት ዓመት ሆነው።

የሶማሊያ ወደብ ቦሳሶ ላይ አብረን ጀልባ ተሳፈርን። የየመን ዳርቻ ሲታይ ነጂዎቹ ጠባቂ ፈርተው ከዚህ በኋላ ዋኝታችሁ ግቡ አሉን። ናስር ዋና አያውቅም። ልጆች ሳለን አንገረብ ወንዝ እኔ ስዋኝ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ልብሴን ይጠብቅልኝ ነበር። ያን ዕለትም ‹ሂድ፣ ልብስህን እጠብቅልሃለሁ› አለኝ፣ ሊያስቀኝ። ከዚያ ገፈተሩን። በነጋው ዳርቻው ላይ አገኘሁት። አሸዋ ውስጥ ቀበርነው። ሦስት ሰው ሰገድንበት። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ይኼ ነው።

ጅዳ ገብቼ ስደውል ‹ናስርስ?› አለች። ድምፅ ማጉያው ላይ ነበርኩ፤ የጎረቤቱ ትንፋሽ ይሰማኛል። መርዶ በስልክ ይነገራል? ‹መንገድ ላይ ተለያየን› አልኩ። በየዓርቡ ‹ናስርስ?› ትለኛለች። ወራት አለፉ። አንድ ዓርብ ‹ሐረም አየሁት› አልኩ። ያን ጊዜ ወረቀት አልነበረኝም፣ ከተደበቅሁበት ቤት አልወጣም፣ ሐረምን በዓይኔ አላየሁም። ለኡምራ ኢህራም የገባ፣ ሁለቱን ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወንድ ራሱን እንደማይሸፍን እንኳ አላስተዋልኩም። ኮፍያ አድርጎ አልኩ፤ ታምነኝ ብዬ ነው ኮፍያውን የጨመርኩት። ከዚያ ወዲህ ‹ናስርስ?› ብላኝ አታውቅም። አመነችኝ ብዬ ዲሹን ላክሁ።

አሁን ይኼ ኮፍያ መጣ፣ ያንኑ የመሰለ፣ ከነቃሉ። አውቃ ነው? ወይስ ምክር ነው? እየገለበጥኩ አየዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ።

የምለምንሽ ይኼን ነው። ሽማግሌዎች ይዘሽ፣ ማለዳ፣ እንደ ወጉ መርዶዋን አስነግሪያት። ከሰው አፍ ትስማው። ከዚያ በኋላ ድምፄን መስማት እንደማትፈልግ አውቃለሁ። ዲሹን አዙሩት፣ ቁጥሩንም ቀይሩት። አዲሱን ለእኔ አትስጡኝ።

ጃቢር


ጎንደር
ሚያዝያ 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

አያ ጃቢር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ያጽናህ። ይህን ሰላምታ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ደብዳቤህን በቦርሳዬ ይዤ ሦስት ሳምንት ዞርኩ። ፒያሳ ይዤው ሄድኩ፣ ባጃጅ ይዤው ተሳፈርኩ። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ አልመጣም። ተናድጄበት እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። ከዚያ የመስጊዳችንን ሽማግሌዎች አነጋገርኩ። እሑድ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንመጣለን አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ነጠላ ጫማ ስፈልግ እማ ከኋላዬ፦

‹በቦርሳሽ ይዘሽው የምትዞሪው ምንድን ነው?›

‹ምንም።›

‹ምንም ከሆነ ምነው ሽንት ቤትም ይዘሽው ትሄጃለሽ?›

ቦርሳዬን ወደ ብብቴ ጠጋ አደረግሁት።

‹መርዶ ይዘሽ ከምትቆሚ ተቀመጪ› አለች።

ተቀመጥኩ። ኪሮሿን አላቆመችም።

‹ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?› አልኳት።

‹ኮፍያ አድርጎ ዞረ ካለኝ ቀን ጀምሮ።›

‹እኔም ኮፍያውን በደብዳቤ አንብቤው ነበር። አላስተዋልኩም።›

‹አንቺ ዩኒቨርሲቲ ነዋ የነበርሽው!› አለች፤ ትንሽ እንደመሳቅ አለች። ‹እኔ ኮፍያ ሠሪ ነኝ። ኮፍያ የት እንደሚደረግ፣ የት እንደሚወልቅ አላውቅም? በሕይወት ያለን ሰው ያየ እንደዚያ አይልም። ሞቷል ማለት ከብዶት ነው።›

‹ታዲያ ለምን እንደዚያው አላልሽውም?›

‹ብለው ኖሮ በሳምንቱ ይደውል ነበር?›

ክሩን ሳበችና ቀጠለች፦

‹አንዱን መንገዱ ወሰደው። ሁለተኛውን እኔ በአፌ ልስደደው?›

‹ሰው ቢደውልስ ስትይ እኮ ናስርን መስሎኝ…›

‹እኔ ናስር ብያለሁ? ሙት ይደውላል?›

ያን ሁሉ ጊዜ ሐረሙ ላይ ማንን ትፈልግ እንደነበር ጠየቅኋት። ማንንም አለች። እዚያ በየሶላቱ ለሞቱ ሰዎች ይሰገዳል። ሰጋጁ ስማቸውን አያውቅም፣ አይጠይቅም። እዚህ ግን መርዶ ሳይመጣ ለናስር ስገዱልኝ ብትል፣ ሰፈሩ ‹ማን ነገረሽ?› ይላል፣ ያኔ ያንተ ነገር ይወጣል። ‹እነዚያ ለሙታናቸው ሲቆሙ እኔም ተነስቼ የኔን መሃላቸው አስገባሁት› አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ።

ኮፍያውን ለምን እንደላከችልህም ነገረችኝ። መዋሸቱን እንድትተው ነው እንጂ መደወሉን እንድትተው አይደለም። ‹አሳሳትኩት መሰለኝ› አለች። አንተን አልወቀሰችም፤ የወቀሰችው ራሷን ነው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ በር ከማንኳኳታቸው በፊት ምንጣፉን አንጥፋ ጠብቃለች። ነገሯት። ‹ስሙን ጥሩልኝ› አለች። ጠሩላት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ውስጥ፣ ሬሳው በሌለበት፣ ናስር ተብሎ ተሰገደለት። ሦስት ቀን ሰው መጣ፣ ሶደቃው ተበላ፣ ሰው ሄደ። የጮኸ የለም። ቤቱ እንደነበረው ነው። እሷም ከሶላት በኋላ ያቺን ትርፍ ሶላት አቁማለች፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ልትነሳ ብላ ጉልበቷን ይዛ ትቀመጥ ነበር።

ክንዱን ጠርቼ ዲሹን ወደ ቀዩ ምልክት ላስመልሰው ወይ አልኳት። ‹ተይው፣ እዚያም እነሱ ይዞራሉ፣ እዚህም እነዚህ ያወራሉ› አለች። አሁን ምግብ የሚያበስሉ ሰዎች አግኝታለች። ቋንቋቸውን አትሰማም። ‹ጨው አበዛ› ትላለች አንዳንዴ። ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እኔ ግን የማየው ነገር የለኝም። ስድስት መቶ ቻናል ነበር ያልኩህ? አሁን ስምንት መቶ ሆኗል።

የአዲስ አበባው ሥራ በጥር ሠላሳ ለሌላ ሰው ሄደ። በሰኔ ሌላ ዙር አለ ብለዋል፤ ድጋሚ ተፈትኜ አለፍኩ! ቅጹን እማ ፈረመችልኝ። ከመፈረሟ በፊት አንድ ነገር አስማለችኝ፤ አዲሱን ቁጥር ላንተ እንድልክ።

አትስጡኝ ብለህ ነበር። ከዚህ ወረቀት ጀርባ እሷው በእጇ ጽፋዋለች። ሁለተኛው ሰባት ነው፣ አንድ እንዳይመስልህ። አሮጌው መስመር እስከ ግንቦት ሠላሳ ይሠራል። እስከዚያ ስድስት ዓርብ አለ። ደብዳቤው እጅህ እስኪገባ አንዱ ያልፋል፤ አምስት ይቀርሃል። አሁንም ከጁምዓ እስከ ዐስር ስልኩ አጠገብ ናት።

ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ፦ ‹አየሁት ሳይል ይደውል። የሚለው ካጣ ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ ይንገረኝ። ማጉያውን አልጫነውም።›

አያ ጃቢር፣ ደውልላት። ድምፅህ እንቢ ካለህም በዐዚዛ እጅ ሁለት መስመር ጻፍልኝ፤ በየትኛው ዓርብ እንደምትደውል ብቻ።

እህትህ ሰሚያ